በአንድ ቤት ስንት ሕፃን ይዋል?



በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በየብሎኩ መግቢያ የለጠፍነው ማስታወቂያ በማግስቱ ተቀዶ መገኘቱ ይታወሳል። ማን እንደ ቀደደው አላጣራንም፤ አናጣራምም። ማስታወቂያው «ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ በመኖሪያ ቤት ውስጥ የሌላ ሰው ልጆች ሰብስቦ ማዋል ፈጽሞ የተከለከለ ነው» የሚል ነበር። ዛሬ ይኽን ጽሑፍ የምናወጣው ያ ማስታወቂያ መሻሩን ለማስታወቅና በምትኩ የቁጥር ገደብ እንዲወሰን የምንፈልግበትን ምክንያት ለማስረዳት ነው።

ማስታወቂያውን ያወጣነው በድንጋጤ ነው። በሐምሌ 2017 የሆነውን ያልሰማ ካለ ነገሩ እንዲህ ነበር። ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲጥል ውሏል፤ መብራትም ከጠዋት ጀምሮ የለም። ልጆቻችንን የሚይዙልን እናት ለሕፃናቱ ወተት ለማሞቅ ከሰል አቀጣጠሉና ማንደጃውን ከበረንዳ ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ልጆቹን ብርድ እንዳይመታቸው ብለው መስኮቱንም በሩንም ዘጉ። ጎረቤታቸው ጨው ልትበደር ስታንኳኳ ቶሎ የሚከፍት ሰው አላገኘችም። ገብታ ስታይ እሳቸው ራሳቸውን ይዘው ግድግዳ ተደግፈዋል፤ ተለቅ ተለቅ ያሉት ልጆች እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳሉ፤ አንደኛዋን ያስመልሳታል፤ ሕፃናቱ ደግሞ ቢነቀንቋቸውም አይነቁም። የከሰል ጋዝ ቀለም የለው ሽታ የለው፤ ሕፃናት ከትልቅ ሰው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ ቀድሞ የሚጎዳው እነሱን ነው።

በዚያ ሰዓት ቤቱ ውስጥ የነበሩት ልጆች 11 ናቸው። ከነዚህ ውስጥ 4ቱ መራመድ የማይችሉ ነበሩ፤ ትንሹ የ5 ወር ነው። ጎረቤቷ ሁለቱን አቅፋ ወደ ኮሪደሩ አወጣች፤ እንደገና ተመልሳ ሁለቱን አወጣች፤ ከዚያ በኋላ የሚሄዱትን እየጎተተች አስወጣች። ፈጣሪ ይመስገን ሁሉም ተርፈዋል፤ ጤና ጣቢያ ታይተው በዚያው ማታ ወደየቤታቸው ገብተዋል። ነገር ግን እሷ ባትመጣስ? እኚያ እናት ደህና ሆነው ብቻቸውን ቢሆኑስ ኖሮ ማንን ይዘው ማንን ይተዉ ነበር? ይኽ ጥያቄ ከኮሚቴው ውስጥ እንቅልፍ ያጣበት ሰው አለ።

እንግዲህ ይኽ በሆነ በወሩ ነው ተሰብስበን «ይከለከል» ያልነው። ስህተት ነበር። መከልከል ቀላል ነው፤ አንድ ወረቀትና ማኅተም ይበቃዋል። ታዲያ በመስከረም የመጀመሪያው ሳምንት ያየነው ምንድነው? ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከውጭ የተቆለፈ በር፤ በሩ ውስጥ የ4 ዓመትና የ2 ዓመት ሕፃናት ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን እያለቀሱ። እናትየዋ ጉልት ነው የምትውለው፤ አንድ ቀን ካልሄደች በማግሥቱ የሚበላ የለም። ሌላዋ ልጇን የምታስይዘው ለ9 ዓመት እኅቱ ነው፤ ልጅቷ ትምህርት ቤት አልተመዘገበችም። ከአደጋ ልናወጣቸው ብለን ወደ ሌላ አደጋ ነው የከተትናቸው፤ ልዩነቱ የፊተኛው ለእኛ ይታየን ነበር፣ የኋለኛው ግን በር ተቆልፎበታል።

ስለ እኚያ እናትም አንድ ነገር መባል አለበት። «በስስት ነው 11 ልጅ የሰበሰቡት» የሚል ሐሜት በግቢው ሲዞር ሰምተናል። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ 11ዱን ማን ወሰደላቸው? እኛው ነን። እያንዳንዳችን በጠዋት በራቸውን አንኳኩተን «እትዬ፣ አንድ ልጅ ምን ይከብድዎታል?» ብለናቸዋል። አንድ፣ ከዚያ አንድ፣ ከዚያ አንድ። እሳቸው እምቢ ማለት አይሆንላቸውም፤ ወር ደርሶ ያልከፈለችውን እናት ልጅ እንኳ አንድም ቀን አልመለሱም። ከሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴያችንም የሁለታችን ልጆች እዚያው ይውሉ ነበር፤ ስንት ሆኑ ብለን ጠይቀን አናውቅም። በግቢያችን ልጅ የሚይዙ ሌሎችም አሉ፤ የነሱ ቁጥር ከ4 ስላላለፈ ነው እንጂ የኛ ጥንቃቄ አይደለም።

ሥራው የመጣው ከችግር ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት አንዲት ሠራተኛ የምታገኘው ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። ጤና ጣቢያ ደግሞ «እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ» ይለናል። በሦስት ወርና በስድስት ወር መካከል ያለውን ክፍተት ማን ይሙላው? የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ደንግጓል፤ መልካም ነው፤ የግቢያችን እናቶች ግን አብዛኞቹ ጉልት ቸርቻሪ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ፀጉር ሠሪና እንጀራ ጋጋሪ ናቸው። ለጉልት ማቆያ የሚሠራ መሥሪያ ቤት የለም።

ስለዚህ ይዋሉ፤ ግን በቁጥር። በስብሰባችን ላይ ቁጥሩን በቤቱ ካሬ እናስላ ያሉ ነበሩ። ክርክሩ ረዝሞ ነበር፤ ሳሎን ይቆጠራል፣ በረንዳ አይቆጠርም እየተባለ። በመጨረሻ የተስማማነው በቤቱ ስፋት ሳይሆን በሚይዙት ሰው እጅ እንዲሰላ ነው። ቤት ቢሰፋ እጅ አይጨምርም። የሚሄድ ልጅ ይጠራል፣ ይጎተታል፤ የማይሄድ ሕፃን ግን መታቀፍ አለበት፤ አንድ ሰው ደረጃ እየወረደ አቅፎ የሚያወጣው ሕፃን ከሁለት አይበልጥም።

ይኽ የኛ ፈጠራ ብቻ አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት በቤቷ ልጅ የምትይዝ ሴት ፈቃድ ታወጣለች፤ ቢበዛ 8 ልጅ ነው፤ ብቻዋን ከሆነች ከ2 ዓመት በታች የሆኑት ከ2 አይበልጡም። በእንግሊዝ አገር ከ8 ዓመት በታች 6 ልጅ ነው፤ ከነሱም ትምህርት ያልጀመሩት ትንንሾች እስከ 3፣ ዓመት ያልሞላው ደግሞ በመደበኛው 1 ብቻ ነው። በጀርመን በአንድ ጊዜ እስከ 5 ነው። ቁጥሩ ከአገር አገር ይለያያል፤ ሆኖም በሜሪላንድም በእንግሊዝም ጨቅላዎቹ ለብቻ ይቆጠራሉ፤ የባለቤቷ የራሷ ትንንሽ ልጆችም ከቁጥሩ ውስጥ ይገባሉ። እኛ አገሩን ለመቅዳት አይደለም፤ የነሱም ሰው ሁለት እጅ ነው ያለው ለማለት ያህል ነው።

ኮሚቴው ለጠቅላላ ጉባኤው የሚያቀርበው ሐሳብ ይኽ ነው። ብቻቸውን ልጅ የሚይዙ ሰው ከ5 በላይ አይቀበሉም፤ ከ5ቱ መራመድ የማይችሉት ከ2 አይበልጡም። ቀኑን ሙሉ አብሯቸው የሚውል ሌላ አዋቂ ሰው ካለ እስከ 8 ድረስ ይቻላል፤ የማይራመዱት ግን ከ3 እንዳያልፉ። አዋቂ ስንል አዋቂ ማለታችን ነው፤ ከገጠር የመጣች የ12 ዓመት ልጅ እንደ ረዳት አትቆጠርም፤ እንዲያውም እሷም ጠባቂ የሚያስፈልጋት ልጅ ናት። ማንደጃ ልጆች ባሉበት ክፍል አይገባም። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ በርሜልና ባልዲ በየቤቱ ሞልቶ ይውላል፤ ክዳን ይኑረው፣ ድክ ድክ የሚል ልጅ ባልዲ ውስጥ በግንባሩ ቢወድቅ ራሱን ማውጣት አይችልም። ቡና ሲፈላ ቆሎ ለትንንሾቹ አይሰጥ፤ ያንቃል። የክትባት ካርድም ይታይ። የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ9 ወርና በ15 ወር ስለሆነ ከ9 ወር በታች ያለ ሕፃን ገና መከላከያ የለውም፤ ትኩሳትና ሽፍታ ያለው ልጅ በዚያ ቀን ቤቱ ይዋል። ልጅ ሲበዛ በሽታም አብሮ ይበዛል፤ ይኽን ለወላጅ ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፤ ገንዘቡ። እስከ ዛሬ በልጅ በወር 1,200 ብር ነው የሚከፈለው። 11 ልጅ 13,200 ብር ነበር፤ 5 ልጅ 6,000 ብር ይሆናል። በአንድ ወረቀት የአንድን ሰው እንጀራ ከግማሽ በታች እናውርድ ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲቀንስ ክፍያው መጨመር አለበት፤ ለሚሄድ ልጅ 1,500፣ ለማይሄድ ሕፃን 1,800 ብር እንዲሆን ሐሳብ ቀርቧል። በዚህ ስሌት 5 ልጅ 8,100 ብር ያመጣል፤ አሁንም ይጎድላል። እኅታቸው ከመስቀል በኋላ ከገጠር መጥተው አብረዋቸው ሊሠሩ ፈቃደኛ መሆናቸውን ነግረውናል፤ ያን ጊዜ 8 ልጅ ሲሆን 12,900 ብር ይደርሳል፤ ለሁለት ሰው መሆኑን ግን አንርሳ።

የቀሩት ልጆችስ የት ይግቡ? በግቢያችን ለሠርግና ለለቅሶ ማብሰያ ተብሎ የተሠራው የጋራ ሕንፃ አለን፤ ባለፈው ዓመት ለዕቃ ማከማቻ በወር 4,000 ብር አከራይተነዋል። ውሉ ጥቅምት 30 ያበቃል። ምድር ቤት ነው፣ ደረጃ የለውም፣ ሁለት በር አለው። ውሉ እንዳይታደስና ክፍሉ ለሁለተኛ ልጅ ማዋያ ያለ ኪራይ እንዲሰጥ እንጠይቃለን። የሚቀረው 4,000 ብር የጥበቃ ሠራተኞች ደመወዝ የሚደጎምበት ስለሆነ በ160 አባወራ ሲካፈል በየቤቱ በወር 25 ብር መጨመር ግድ ይሆናል። «ልጅ የሌለኝ ለምን እከፍላለሁ?» የሚል እንደሚነሣ እናውቃለን፤ በኮሚቴውም ተነሥቷል። ምድር ቤት የሚኖር ሰውም ለደረጃ መብራት ይከፍላል፤ እስከ ዛሬ ቅር ሲለው አላየንም።

ገደቡን ማን ይቆጣጠር ለሚለው፣ ስለላ አንፈልግም። በማዋያው በር ላይ የልጆቹ ብዛት ይጻፋል፤ ያየ ሁሉ ያነበዋል። በወር አንድ ጊዜ ከአባላት ሁለት ሴቶች ጎራ ብለው ቡና ጠጥተው ይመለሳሉ። ቁጥሩ ካለፈ ደግሞ ቀድሞ የሚጠየቁት ልጅ የሚይዙት እናት ሳይሆኑ ስድስተኛውን ልጅ በር ላይ ጥሎ የሄደው ወላጅ ነው። በዚህ ላይ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል፤ ብዙ ጊዜ አንስማማም።

ጠቅላላ ጉባኤው የፊታችን እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት በጋራ ሕንፃው ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ይደረጋል፤ ዝናብ ከመጣ በብሎክ 4 ኮሪደር ነው። ልጅ የያዛችሁ ከነልጃችሁ ኑ። ድምፅ የሚሰጠው በእጅ ነው።

እስከዚያው በጊዜያዊነት 5ቱ ልጆች ከእትዬ ዘንድ ናቸው። ከ6ቱ 3ቱን በብሎክ 7 ያሉ እናት ተቀብለዋል፤ የራሳቸው ሁለት ስላሉ 5 ሞልተዋል፤ እሳቸውም እስከ ጥቅምት መጨረሻ ብቻ ነው የምችለው ብለዋል። አንዱ አያቱ ጋ፣ አንዷ ሕፃን አክስቷ ጋ ሄደዋል። የቀረው አንድ ነው፤ በሐምሌ የ5 ወር የነበረው፣ አሁን 7 ወር የሆነው። እናቱ በዚህ ሳምንት አዝላው እየሄደች ነው ሲሚንቶ የምታቦካው። እሱን እስከ እሑድ የሚይዝ ቤት ያለ እንደሆነ የጸሐፊውን በር ያንኳኳ፤ ማታም ቢሆን።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው