አዲስ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ አይመዘንም



እንደሚታወቀው ሊጉ ከመከፈቱ በፊት በሚካሄዱ የዝግጅት ጨዋታዎች ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾቻቸውን ያሳዩናል። ያን ሰሞን ከአውቶብስ ተራ እስከ ምናለሽ ተራ ሻይ ቤቱ ሁሉ ዳኛ ነው። «ይሄ ልጅ እግር የለውም!» «ያኛውማ ለእረፍት ነው የመጣው!»

እኛም ኳስ ወዳዶች ነን፤ አስተያየት አይሰጥ አንልም። ግን የዝግጅት ጨዋታ እኮ አሠልጣኙ የሚሞክርበት፣ ልጆቹም ገና የሚተዋወቁበት ነው። ማን እንዳገባ ብቻ ሳይሆን፣ ኳስ ሲነጠቅ ማን ተመልሶ እንደሚሮጥ እንይ።

አቡበከር ናስርን እናስታውስ። ኢትዮጵያ ቡናን የተቀላቀለው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜው ነው፤ 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን የሰበረው ግን ከዓመታት በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ሰሞን ተሰድቦ ቢባረር ኖሮ ተጎጂው ማን ነበር?

የመርካቶ ሰው ጨርቅ እንኳ ዘርግቶ፣ ዳብሶ፣ ብርሃን ላይ አይቶ ነው የሚገዛው። ለሰው ልጅ ሲሆን ትዕግሥታችን ለምን ያንሳል? ስለዚህ ቢያንስ የመጀመሪያው ዙር እስኪያልቅ ስድቡ ይቅር እንላለን። ዛሬ በየመንደሩ ኳስ የሚያባርሩት ልጆቻችንም ነገ እዚያው ሜዳ፣ በሰው ፊት ይቆማሉና።