አንገትጌው ላይ የተሰፋች ደሴት

ባለፈው ቅዳሜ አቃቂ ገበያ ከሳልባጅ ክምር ፊት ቆሜ፣ አንድ ነጭ ሸሚዝ አንሥቼ፣ መነጽሬን ወደ ግንባሬ ሰቅዬ፣ እንደ ልማዴ አንገትጌውን ገልብጬ የትውልድ አገሩን ስመረምር፣ በእጥበት ብዛት የደበዘዘችው ቁራጭ ጨርቅ በሞሪሺየስ መሠራቱን የምትመሰክር ሆና አገኘኋት። ሻጩ ወጣት መዘግየቴን አይቶ «ጋሼ፣ ኦርጅናል ነው፤ ይውሰዱት» አለኝ። እኔም «ልጄ፣ እዚህ አቃቂ ከተሠራው አይበልጥም» ብለው፣ በእውነት እንደ ተደነቀ ሰው ቀና ብሎ፣ «አቃቂ ጨርቅ ይሠራ ነበር እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ።

ይህ ሸሚዝ በሕንድ ውቅያኖስ መካከል ባለች ደሴት ተሰፍቶ፣ አንድ የማላውቀው ፈረንጅ ለብሶት፣ ሲሰለቸው ለምጽዋት ሰጥቶት፣ በቦንዳ ታስሮ፣ ልባሽ ጨርቅ እንዳይገባ የሚጠብቁትን የኬላ ዓይኖች እግዚአብሔርና ነጋዴው ብቻ በሚያውቁት መንገድ አልፎ፣ በመጨረሻ የተዘረጋው የት ነው ቢሉ፣ ያች ደሴት ስለ ልብስ ፋብሪካ ገና ሳታልም ጥጥ ይፈተልባት በነበረችው በአቃቂ ነው። የዘወትር አንባቢዎቼ «ዛሬም ያንኑ ፋብሪካ ሊያነሣብን ነው» ብላችሁ ጋዜጣውን ለማጠፍ እንደምትከጅሉ አውቃለሁ፤ እውነታችሁን ነው፣ ላነሣው ነው።

ሞሪሺየስ ከአዲስ አበባ አራት እጥፍ የማትሞላ አገር ናት። በ1968 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ነፃ ስትወጣ ወደ ውጭ ከምትልከው ሸቀጥ ከመቶው ከዘጠና የሚበልጠው ስኳር ነበረ። ከነፃነቷ ሰባት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1961፣ ጀምስ ሚድ የተባለ እንግሊዛዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ፣ ኋላም በ1977 የኖቤል ሽልማት የተቀበለ፣ ሁኔታዋን መርምሮ፣ ሕዝቧ እየበዛ ምድሯ የማይሰፋ፣ ሲሳይዋም ከአንድ አገዳ የተንጠለጠለ መሆኑን አይቶ፣ ፍጻሜዋ እንደማያምር ጻፈ። ዮናስም ለነነዌ የነገራት ከዚህ የራቀ አልነበረም። ነነዌ ማቅ ለብሳ በጾምና በምህላ ዳነች፤ ሞሪሺየስ ግን ማቁን ትታ ሸሚዝ መስፋት ጀመረች። በ1970 ለውጭ ገበያ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ከቀረጥ ነፃ የሚሆኑበትን ሕግ አወጣች፤ ከሆንግ ኮንግ ባለ ገንዘቦች መጡ፤ ሴቶች በብዛት ከስፌት መኪና ፊት ተቀመጡ፤ በ1975ም አውሮፓ በሎሜ ስምምነት ስኳሯን በተቆረጠ ደኅና ዋጋ ሊገዛ ቃል ስለ ገባላት፣ ባለርስቶቿ ከአገዳው ያገኙትን ትርፍ ለክሩ ስንቅ አደረጉት። (እኛ ወንጂ ላይ ከሆላንዶች ጋር በ1954 እ.ኤ.አ. ስኳር ማምረት ጀምረን፣ ለአንድ ኪሎ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ስንት ማለዳ እንደ ተሰለፍን ለሌላ ሳምንት ላቆየው።)

እንግዲህ ይህ የሞሪሺየስ ሕግ ከመውጣቱ ዐሥር ዓመት ገደማ አስቀድሞ፣ የሕንዱ የቢርላ ቤት ከአገሩ ውጭ የመጀመሪያ የሆነውን የሽርክና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተከለው ከኢትዮጵያ ነው፤ ስሙም ኢንዶ ኢትዮጵያ ተባለ፣ ቦታውም አቃቂ ሆነ። ያን ጊዜ በየቤቱ የግድግዳ ሰዓት አልነበረም፤ እናቴ ቡናዋን የምትቆላው፣ እኛም ኳሳችንን ትተን የምንሰበሰበው የፋብሪካው ሳይረን ሲጮኽ ነበረ። ሁላችን እማማ የምንላቸው አንዲት ጎረቤታችን ከሌሊት ፈረቃ ሲመለሱ፣ በቅንድባቸውና በነጠላቸው ጠርዝ ላይ ያረፈው የጥጥ ብናኝ አመዳይ የወረደባቸው ያስመስላቸው ነበር። እኒህ ሴት የተበጠሰ ክር በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አንድ ጊዜ ጠምዘዝ አድርገው ሲቀጥሉ፣ የት ላይ እንደ ተቀጠለ እንድንፈልግ አንድ ሳንቲም አስይዘው ያጫውቱን ነበር፤ ማንም ያንን ሳንቲም በልቶ አያውቅም። በ1967 ዓ.ም. ታላላቅ ፋብሪካዎች ሲወረሱ ግን፣ በየፋብሪካው የሚያስጨንቀው የዕቅዱ ኮታ ሆነና፣ አንገትጌ ገልብጦ የሚመረምረው ገዢ ከሐሳብ ወጣ።

ይህን ሁሉ ሻይ ቤት ተቀምጬ ስተርክ፣ ለማንኛውም ጥያቄ አንድ መልስ ያለው ወዳጄ «ሞሪሺየሶች የቀናቸው ባሕር ስላላቸው ነዋ!» ብሎ አቋረጠኝ። የሞሪሺየስ ጎረቤት ማዳጋስካርም ባሕር አላት፤ ምድሯም ከሞሪሺየስ እጅግ ይሰፋል፤ ሀብቷስ የት አለ? ደግሞም የእኛው ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ አዲስ አበባ ከመግባቱ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1915 እ.ኤ.አ. እዚሁ አቃቂ ደርሶ ነበረ፤ የባሕሩ መንገድ ደጃፋችን ድረስ መጥቶ ሲያፏጭ እኛ ወጥተን ባቡሩን አየን እንጂ ምን ጫንበት? ወዳጄ ሻዩን ጨልጦ፣ ሒሳቡን ለእኔ ትቶ ሄደ።

ወደ ኋላ ለመቅረታችን እኔ የምጠረጥረው ባሕር ማጣታችንን ሳይሆን ስፋታችንን ነው። ይህን ስል ስንት ጊዜ እንደ ተወቀስሁ አልረሳሁም። ሰፊ አገር ያለው ሰው አንዱ ፋብሪካ ቢቆም «ቡና አለን» ይላል፣ ቡናው ቢረክስ «ወርቅ አለን» ይላል፣ ወርቁም ቢታጣ «ገና ያልታረሰ መሬት አለን» ብሎ ይተኛል፤ ከአገዳዋ ጀርባ ጨው ውኃ ብቻ ያላት ደሴት ግን ለእንዲህ ያለው እንቅልፍ የሚሆን አልጋ የላትም።

ሸሚዙን ብዙ ተከራክሬ ገዛሁት። ስፌቱ ድርብ ነው፤ ከስንት ዓመት ልብሰት በኋላ አንድ ቁልፍ እንኳ አልጎደለውም። ከአንባቢዎቼ መካከል ከአቃቂ የወጣ አቡጀዴ በሣጥኑ ያኖረ ቢኖር፣ በጠርዙ ያለውን ማኅተም ሳይቆርጥ ለአንድ ቅዳሜ ብቻ ያውሰኝ፤ ለዚያ ልጅ የማሳየው አለኝ።