ቫይረሱ ከመሰጠቱ በፊት ዕጢው ይመርመር፦ ካንሰር ገዳይ ቫይረሶች በሜሶቴሊዮማ ሕክምና

ሜሶቴሊዮማ በአብዛኛው ሳንባን በሚሸፍነው ስስ ገበር ላይ የሚነሣ ካንሰር ነው። ከአስቤስቶስ ብናኝ ጋር ያለው ትስስር ጎልቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 በደቡብ አፍሪካ የማዕድን አካባቢ የተደረገ ጥናት ከታተመ በኋላ ነው። ብናኙ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ በሽታው እስኪገለጥ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ስለሚወስድ፣ አብዛኞቹ ሕሙማን ወደ ሐኪም የሚደርሱት ዕጢው ከተስፋፋ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የተፈቀደው የኒቮሉማብና የኢፒሊሙማብ ጥምር ሕክምና እንኳ መካከለኛውን የመኖር ዘመን በኬሞቴራፒ ከተገኘው 14.1 ወር ወደ 18.1 ወር ከፍ ከማድረግ አላለፈም።

ካንሰር ገዳይ ቫይረሶች ተስፋ የተጣለባቸው በዚህ ምክንያት ነው። ጤናማ ሕዋስ ቫይረስ ሲገባበት ኢንተርፌሮን የተባለ ፕሮቲን አመንጭቶ የቫይረሱን መባዛት ይገታል። ብዙ የካንሰር ሕዋሳት ግን ይህ መከላከያ ጎድሏቸዋል፤ ስለዚህ ቫይረሱ በውስጣቸው ተባዝቶ ያፈርሳቸዋል። ከፈረሰው ሕዋስ የሚወጣው ቁስም የሰውነትን የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ያነቃቃል። በሜሶቴሊዮማ ሕሙማን ደረት ውስጥ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ ለማውጣት የሚገባው ቱቦ ቫይረሱን በቀጥታ ወደ ዕጢው ለማድረስም ያገለግላል።

ይሁንና እስካሁን የተገኘው ውጤት ልከኛ ነው። በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ አነስተኛ ሙከራ፣ ጉዳት እንዳያደርስ የተዳከመ የኸርፐስ ቫይረስ በሕሙማኑ ደረት ውስጥ ተሰጥቶ ነበር። ሕክምናው ደኅንነቱ የተጠበቀ ሆኖ ቢገኝም በመለኪያ የተረጋገጠ የዕጢ መቀነስ አልታየም። በሜላኖማ ሕክምናም እ.ኤ.አ. በ2015 የተፈቀደው የተሻሻለ የኸርፐስ ቫይረስ ከፔምብሮሊዙማብ ጋር ተጣምሮ በሰፊው ሲፈተን፣ ፔምብሮሊዙማብ ብቻውን ካስገኘው የላቀ የመኖር ዘመን አላስገኘም። ስለዚህ አንዱን መድኃኒት በሌላው ላይ መደረብ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

የጎደለው ጥንቃቄ የተሞላበት ምርጫ ነው። በብዙ የሜሶቴሊዮማ ዕጢዎች የዘጠነኛው ክሮሞሶም አንድ ክፍል ይጠፋል፤ በዚያው ክፍል የሚገኙት የኢንተርፌሮን ዘረ መሎችም ብዙ ጊዜ አብረው ይጠፋሉ። የቤተ ሙከራ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ይህ ጉድለት ያለባቸው ሕዋሳት ለተዳከመ የኩፍኝ ቫይረስ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። መከላከያው ያልጎደለበትና የጎደለበት ዕጢ በአንድ ሙከራ ሳይለዩ ከተደባለቁ፣ ለጥቂቶች የሚጠቅም ሕክምና በአማካዩ ውስጥ ተሸፍኖ «አይሠራም» ተብሎ ሊጣል ይችላል።

አቅሙ ለደከመ ሕመምተኛ ተጨማሪ ናሙና መስጠት ሸክም ነው የሚለው ተቃውሞ ሚዛን የሚደፋ ነው። ነገር ግን ለሕክምና ሲባል ከደረት የሚወጣው ፈሳሽ ራሱ ብዙ ጊዜ የካንሰር ሕዋሳትን ስለሚይዝ፣ ምርመራው ሁልጊዜ አዲስ ቁስል አይጠይቅም።

ሜሶቴሊዮማ ብርቅ በሽታ በመሆኑ በሙከራ የሚሳተፉ ሕሙማን ጥቂት፣ የቀራቸውም ጊዜ አጭር ነው። ስለሆነም ከቫይረሱ በፊት የዕጢው ዘረ መል ሊመረመር፣ ከሕክምናው በኋላም በዕጢውና በመከላከያ ሕዋሳት ላይ የመጣው ለውጥ ሊመዘገብ ይገባል። እንዲህ የተደረገ ሙከራ ባይሳካ እንኳ ለምን እንዳልተሳካ ይናገራል፤ ያለዚያ ግን የሕሙማኑ መሥዋዕትነት ለቀጣዩ ታማሚ ምንም ሳያወርስ ይቀራል።