ለወጥ ቤት ዕቃ መስካሪው ማን ነው?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ!

ስለ ምጣድና ስለ ድስት በጋዜጣ መጻፍ ለአንዳንዱ አንባቢ ተራ ነገር መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን በወር ደመወዝ ለሚተዳደር የመንግሥት ሠራተኛ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ መግዛት ተራ ነገር አይደለም። ከቤት ኪራይ፣ ከልጆች ትምህርት ቤትና ከአስቤዛ ተቆንጥሮ የተገዛ ምጣድ ዓመት ሳይሞላው ቢሰነጠቅ፣ ወይም መካከሉ እያረረ ጠርዙ ሊጥ ሆኖ ቢቀር፣ ጉዳቱ በኪስ ላይ ብቻ ሳይሆን በቤተ ሰቡ ማዕድ ላይም ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ያለኝን አሳብ በአንባብያን ገጽ ላይ ያወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

ዛሬ በከተማችን የወጥ ቤት ዕቃ ጠፋ የሚል ሰው አይገኝም። በመርካቶም ሆነ በየሰፈሩ ሱቅ በአገር ውስጥ የተሠራው ምጣድ፣ ከውጭ የመጣው መጥበሻ፣ ፕሬዠር ኩከሩና የሽንኩርት መፍጫው ተደርድሮ ይታያል። የጠፋው ስለ ዕቃው እውነቱን የሚነግር ገለልተኛ መስካሪ ነው። ባለ ሱቁን ብንጠይቀው «ኦርጅናል ነው፤ እኔም ቤት ያለው ይኸው ነው» ይለናል። በቴሌግራምና በቲክቶክ ከሚያስተዋውቁትም ብዙዎቹ ካርቶኑን በፊታችን ከፍተው ዕቃውን እያገላበጡ ያመሰግኑታል እንጂ ወጥ ሠርተውበት አያሳዩንም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና ነጋዴ የራሱን ዕቃ ቢያመሰግን አይፈረድበትም። የሚያሳዝነው ከእርሱ ሌላ የምንጠይቀው ሰው ማጣታችን ነው።

ዕቃን መርምሮ መግዛት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። እናቶቻችን የሸክላ ድስት ሲገዙ በጣታቸው አንኳኩተው ድምፁን ያዳምጡ ነበር፤ ድምፁ የታፈነ እንደ ሆነ ስንጥቅ አለበት ብለው ይመልሱታል። ምጣድም ቢሆን አሟሽተው እንጀራው ሲነሣ እስኪያዩት ድረስ አያመሰግኑትም ነበር። ከዚህም ሌላ ሠሪዋ ራስዋ ሻጭ ስለ ነበረች፣ የማይረባ ዕቃ ብትሸጥ በሚቀጥለው ገበያ ከገዢዋ ጋር ፊት ለፊት ትገናኛለች። ዛሬ ግን ሠሪው ሌላ፣ አስመጪው ሌላ፣ ሻጩም ሌላ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦ ደግሞ በሸክላው ጀርባ በተፈለፈለ መስመር ውስጥ ተቀብሮ ስለሚደፈን፣ ቀጭን ይሁን ወፍራም፣ በእኩል ይዘርጋ አይዘርጋ፣ በጣት አንኳኩቶ የሚያውቀው የለም።

ሌሎች አገሮች ይህን ችግር እንዴት እንደ ተወጡት መመልከት ይጠቅማል። በአሜሪካ ዛሬ «ኮንሱመር ሪፖርትስ» የሚባለው ማኅበር በ1936 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። በእንግሊዝ አገር «ዊች» የተባለው መጽሔት በ1957 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ እትሙን ሲያወጣ ከመረመራቸው ዕቃዎች አንዱ የኤሌክትሪክ የውሃ ማፍያ ነበር፤ መጽሔቱም የተዘጋጀው በለንደን፣ ቀድሞ የመኪና ጋራዥ በነበረ ቤት ውስጥ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ደግሞ የምዕራብ ጀርመን መንግሥት ራሱ «ሽቲፍቱንግ ቫረንቴስት» የሚባለውን ዕቃ መርማሪ ተቋም አቋቋመ። የሦስቱም ሥርዓት በዋናው ነገር አንድ ነው። ዕቃውን እንደ ማንኛውም ገዢ ከሱቅ በገንዘባቸው ይገዙታል፤ ሠሪው መርጦና አሳምሮ የሚሰጣቸውን አይቀበሉም። በመጽሔታቸው ላይ የሻጭ ማስታወቂያ አያወጡም። ተመሳሳይ ዕቃዎችንም ጎን ለጎን አቅርበው በአንድ ሚዛን ይመዝናሉ።

ይሁን እንጂ የውጭውን ፍርድ እንዳለ ተቀብለን ልንገዛበት አንችልም። በመጀመሪያ ደረጃ ምጣድን የሚመረምርልን የለም። በሁለተኛ ደረጃ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እንግዲህ በባሕር ጠረፍ አገር «ባቄላ በዚህን ያህል ደቂቃ ይበስላል» ተብሎ የተመሰከረለት ድስት በእኛ ዘንድ ቢዘገይ ጥፋቱ የባልትና አይደለም። በሦስተኛ ደረጃ የማይጣበቀውን መጥበሻ የውጭ ሰዎች የሚፈትኑት ብዙውን ጊዜ እንቁላል ጠብሰው ነው። እኛ ግን ቡና እንቆላበታለን፤ ገብስም እንቆላበታለን። ይህ ልባስ ሙቀቱ ከ260 ዲግሪ ሲያልፍ መበላሸት ስለሚጀምር፣ ለእንቁላል «እጅግ በጣም ጥሩ» የተባለው መጥበሻ ለቡና ቁላ የማይሆን ሊሆን ይችላል። ዕቃ መፈተን ያለበት እኛ በምንሠራበት ሥራ ነው።

ይህም በአገራችን ፈጽሞ ያልተሞከረ አይደለም። በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃና «ላቀች» የተባለው የከሰል ምድጃ ሲሰናዱ ከነባሩ ምድጃ ጋር እየተነጻጸሩ ተፈትነዋል፤ «ምርጥ»ም ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር የማገዶውን ግማሽ ያህል እንደሚያድን ታይቷል። የምድጃ ባለሙያዎች ሦስት ዓይነት ፈተና አላቸው። አንደኛው ውሃ አፍልቶ የነዳጁን መጠን መለካት ነው። ሁለተኛው አንድ የታወቀ ምግብ በባለሙያ እጅ አሠርቶ መመዘን ነው። ሦስተኛው ዕቃውን በየቤቱ ሰጥቶ በዕለት ኑሮ ውስጥ ለቀናት መከታተል ነው። የመጀመሪያው ቀላል ቢሆንም እንጀራ ስለማይቀቀል፣ ውሃ በማፍላት የተመሰገነ ምድጃ በመጋገር ሊያሳፍር ይችላል። ለማገዶ ምድጃ ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገ፣ በየቤታችን ለተሰካው የኤሌክትሪክ ምጣድ ስለ ምን አይደረግም?

ምጣድን መፈተን ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። እኔ በምኖርበት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ባለቤቴና ሁለት ጎረቤቶቻችን ከአንድ ቡሃቃ በወጣ ሊጥ፣ በሦስት ልዩ ልዩ ምጣዶች፣ እኩል ቁጥር ያለው እንጀራ ጋግረው ነበር። የእኔ ድርሻ ሰዓት መያዝና የካርድ ቆጣሪውን ማንበብ ብቻ ነበር። ቀድሞ የጋለውና ዓይኑን በእኩል ያወጣው ከሦስቱ ረከስ ባለ ዋጋ የተገዛው ሲሆን፣ አክንባሎው የሚያብለጨልጨውና በዋጋ የላቀው የመጨረሻ ሆነ። አንድ ቀን የተደረገ ሙከራ ፍርድ አይሆንም፤ ሆኖም የዋጋ ውድነትና የመልክ ማማር ምስክር እንዳልሆኑ ለማየት በቅቶናል።

የተሟላ ፈተና ግን ከዚህ በላይ መጠየቅ አለበት። የመጀመሪያው እንጀራ እስኪሰፋ ምን ያህል ደቂቃ ይፈጃል? ከ20 እንጀራ በኋላ ቆጣሪው ምን ያህል ቆጠረ? አንዱ ተነሥቶ ሌላው እስኪሰፋ ሙቀቱ ይመለሳል ወይስ መጠበቅ ያሻል? ሽቦው ቢበጠስ የሰፈር ባለሙያ ሊቀይረው ይችላል? ከሁሉም በላይ የኤሌክትሪኩ ኃይል ሲወርድ ምን ይሆናል? ሙቀት ከቮልቱ ጋር በእኩል ደረጃ አይወርድም። በ220 ቮልት የሚሠራ ምጣድ ኃይሉ ወደ 180 ሲወርድ ከሙቀቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ያጣል። ብዙ ቤት ውስጥ «ሊጡ ተበላሽቷል» ተብሎ ጋጋሪዋ የምትወቀሰው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

የደኅንነቱም ነገር ሊዘነጋ አይገባም። 3,500 ዋት የሚጠቀም ምጣድ ወደ 16 አምፔር ይስባል። በብዙ ቤት የሚገኘው ተራ ማከፋፈያ ይህን አይችልም፤ ገመዱ ይግላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ከዚያም ቃጠሎ ይከተላል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የምጣዱ ገመድ ውፍረትና የመሬት ሽቦው መኖር አለመኖሩ በምስክርነቱ ውስጥ መግባት ይገባዋል።

በቤት ውስጥ ሙከራ የማይታወቅ ነገር ደግሞ አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ኬንያንና ታንዛኒያን ጨምሮ ከ10 አገሮች የተሰበሰቡ የአሉሚኒየም ማብሰያዎችን መርምሮ፣ ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጠው በተሠሩ ድስቶች ውስጥ እርሳስ የተባለውን መርዛማ ማዕድን አግኝቷል። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ ሲሆን፣ ወጡን ቀምሶ የሚለየው ባለሙያ የለም። ይህን ማወቅ የሚቻለው በላቦራቶሪ ብቻ ነው።

አንዳንዶች «ባልትና እንደ እጁ ነው፤ ለአንዷ የሚስማማው ለሌላዋ አይስማማም» ሊሉ ይችላሉ። በጣዕም ረገድ እውነት ነው። ነገር ግን ደቂቃ፣ ዋትና የገመድ ውፍረት በእጅ ጣፋጭነት አይለወጡም። ሌሎች ደግሞ «የደረጃ ምልክት አለ፤ ያ ይበቃል» ይላሉ። የደረጃ ምልክት ዕቃው ከዝቅተኛው መስፈርት በታች አለመሆኑን ይነግረናል እንጂ፣ ከሁለት ዕቃዎች የትኛው ለቤታችንና ለኪሳችን እንደሚሻል አይነግረንም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ታዲያ መረጃውን ከሻጩ ብቻ እየተቀበልን መብታችን ተሟላ ለማለት አንችልም።

ስለዚህ በበኩሌ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

1ኛ/ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት አንድን ዕቃ በብዛት ከመግዛታቸው በፊት ከየዓይነቱ አንዳንድ ገዝተው ለጥቂት አባሎቻቸው ቤት ለአንድ ወር በተራ ይስጡ። የሠሪው ስም በወረቀት ይሸፈን፤ ባለሙያዎቹም ያዩትን ይጻፉ።

2ኛ/ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት የኤሌክትሪኩን ክፍል፣ የመንግሥት ላቦራቶሪዎችም በዓይን የማይታየውን መርዝ ይመርምሩልን።

3ኛ/ መርማሪው ከሠሪም ከሻጭም ዕቃ ወይም ገንዘብ አይቀበል፤ ይህም ከውጤቱ ጋር አብሮ ይገለጽ።

4ኛ/ የተመሰገነው ዕቃ ከአንድ ዓመት በኋላ እንደ ገና ይታይ። አዲስ ምጣድ ሁሉ ቆንጆ ነው፤ እውነቱን የሚናገረው ዓመት የጋገረው ነው።

5ኛ/ ውጤቱ ዋጋው ጭምር ተጽፎ በወር አንድ ጊዜ በጋዜጣ ይውጣ።

ይህ ሁሉ ነጋዴውን ለማስጨነቅ አይደለም። ጥሩ ምጣድ የሚሠራ የአገራችን ባለሙያ ዛሬ ከማይረባው ሠሪ ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ፣ የሚለየው ቀለምና ዋጋ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። እውነተኛ ምስክር ቢቆም በቅድሚያ የሚጠቀመው እርሱ ነው። ሁለተኛዋ ተጠቃሚ ሌሊት ተነሥታ የምትጋግረው፣ ምጣዱ ሲያስቸግራት ግን ራስዋ የምትወቀሰው የቤት እመቤት ናት። የሚመለከታቸው ሁሉ ቢያስቡበት መልካም ነው እላለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ