ጎማው አዲስ፣ እግሩ አሮጌ

ለገና ወደ መካነ ሰላም የወጣነው በእህቴ ልጅ ኮሮላ ነበር። ልጁ መኪናውን ከልቡ ይወዳታል። ልንነሳ ሳምንት ሲቀረን አዲስ አበባ ላይ አራቱንም ጎማ ቀየረ፤ ሰፋ ያለ፣ ልስልስ ያለ፣ መንገዱ ላይ ሙጭጭ የሚል ዓይነት። ሻጩ «ይኼ ጎማ አያንሸራትትም» አለው፤ እሱም አመነ።

ከደሴ በሌሊት ወጥተን ጉጉፍቱ ስንደርስ ሣሩ በውርጭ ነጭ ለብሷል። አንዱ ኩርባ ላይ መንገዱ ተቦርቡሮ ነበር። መኪናዋ ወደ ውጭ ተጋደመች፣ ነጠረች፣ የኋላዋም ወደ ገደሉ በኩል ሸሸ። ከፊት የሚመጣ መኪና አለመኖሩ አተረፈን። ልጁ መሪውን እንደጨበጠ «ጋሼ፣ ጎማው እኮ አዲስ ነው» አለኝ።

መካነ ሰላም ገብተን አንድ የቆዩ መካኒክ ጋ ወሰድናት። ጎማውን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። የፊቷን ጥግ በሁለት እጃቸው ወደ ታች ተጫኑና ድንገት ለቀቁት። ወጣች፣ ወረደች፣ ወጣች፣ ወረደች።

«ቁጠር» አሉት።

«አራት» አለ ልጁ።

«አንዴ ወጥታ ቀጥ ማለት ነበረባት። አሞርዛተርህ ሞቷል፣ ልጄ። ጫማ ገዝተህላት እግሯን ረሳኸው።»

ይህን ዓምድ የምጽፈው ያ የእጅ ፈተና ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው። አሞርዛተር፣ ሾክ የሚለውም አለ፣ ውስጡ ዘይትና ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ የሚያሳልፍ ፒስተን ነው። ሞላው ሲነጥር ዘይቱ በዚያ ቀዳዳ ለማለፍ ይታገላል፤ ንዝረቱም ወደ ሙቀት ተለውጦ ይሞታል። ዘይቱ ከፈሰሰ ግን ሞላው ብቻውን ይቀራል፣ ጎማውም በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ለቅጽበት ከመሬት ይነሳል። አንድ ጎማ መንገዱን የሚነካው የሰው መዳፍ በምታህል ትንሽ ቦታ ነው። እሷም ካልነካች፣ የላስቲኩ ጥራት ምን ይሠራል?

ይልቁንስ ጥሩ ጎማ ደካማውን እግር የበለጠ ያስጨንቀዋል። ነገሩን በቁጥር ላስቀምጠው። ከነሰዎቿ 1,200 ኪሎ የምትመዝን፣ የክብደቷ ማዕከል ከመሬት 55 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ፣ የግራና የቀኝ ጎማዎቿ 148 ሴንቲሜትር የተራራቁ መኪና እናስብ። ተራው ጎማ ከክብደቷ 70 በመቶ የሚያህል የጎን ኃይል ችሎ ቢዞር፣ ኩርባ ላይ ከውስጥ ጎማዎች ወደ ውጪዎቹ የሚዞረው ጭነት 312 ኪሎ ገደማ ነው። የተሻለው ጎማ 90 በመቶ ከቻለ ይኸው ጭነት ወደ 400 ኪሎ ይደርሳል። ሞላው፣ አሞርዛተሩ፣ መገጣጠሚያ ላስቲኩ (ጎሚኒው)፣ ግራና ቀኙን የሚያገናኘው ስታብላይዘር ሁሉ የተሠሩት ለቀድሞው ልክ ነው። ስለዚህ ሰውነቷ የበለጠ ይጋደማል፤ ጎማው በሙሉ ፊቱ መቆሙን ትቶ በውጭ ጠርዙ ይቆማል፤ ሰፊ የተባለው ጎማም በጠባብ ይሠራል። ይህ ነው የኩርባው ምስጢር። ሹፌሩ ደግሞ ጎማው ስለሚይዝለት በፊት ከሚገባበት ፍጥነት በላይ ይገባል።

ሌላም አለ። 195/60 15 ጎማን በ205/50 16 ሲቀይሩ ቁመቱ ያው ነው ማለት ይቻላል፤ የጎኑ ከፍታ ግን ከ117 ወደ 102 ሚሊሜትር ግድም ይወርዳል። ለጉድጓዱ የነበረው ትራስ ቀነሰ፤ ዱላው ወደ ቸርኬውና ወደ እግሩ ያልፋል። ደግሞም ለሙቅ አየር የተቀመመ ለስላሳ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እየጠነከረ ይሄዳል። የጉጉፍቱን ንጋት የሚያውቅ ሰው የዚህን ትርጉም አይስተውም።

የከተማው ወጣት ሞላውን በግራይንደር አስቆርጦ መኪናውን ዝቅ ያደርጋል። ይህን ከሁሉም በላይ እቃወማለሁ፤ የተቆረጠ ሞላ የሚታጠፍበት ስለማያገኝ እግሩ ከብረት ጋር ይጋጫል፣ ጎማውም በዚያች ቅጽበት መያዙን ይለቃል።

በገጠሩ መንገድ ደግሞ ስህተቱ በተቃራኒው ይሠራል። የወሎው ቦረና ውስጥ እህል የሚጭነው አይሱዙ ባሌስትራ ይጨመርለታል፣ አሞርዛተሩ ግን የድሮው ነው። ጠንካራ ባሌስትራ የሚነጥረውም በጠንካራ ጉልበት ነውና የሚያረጋጋው አሞርዛተርም እኩል መጠንከር አለበት። ባዶውን ሲመለስ የኋላው ጎማ ጠጠሩ ላይ ሲዘል አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ፍሬን የሚይዘው መሬት የረገጠ ጎማ ብቻ ነው።

ጠንካራ ማለት የተሻለ ማለት እንዳልሆነ ጎረቤታችን ኬንያ ላይ ታይቷል። አስቸጋሪውን የሳፋሪ የመኪና ውድድር ፔጆ 404 እ.ኤ.አ. በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ አሸንፏል። ለስላሳና ረጅም እግር ያለው የቤተሰብ መኪና ነበር፤ ጎማው ከመሬት የማይለየው በዚያ እግሩ ነው።

መካኒኩ በዚያው ሳምንት አራቱንም አሞርዛተርና የፊት ጎሚኒዎቹን ቀየሩ፤ አላይመንቱን ደግሞ አዲስ አበባ ስንመለስ አስደረግን። ልጁ ጎማዎቹን አልጣላቸውም፣ አሁን በእርግጥም ይይዙለታል።

ለፋሲካ ወደ ወሎ ለምትወጡ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። ለጎማ ብር ከማውጣታችሁ በፊት የመኪናችሁን አራት ጥግ በእጃችሁ ተጫኑና ልቀቁ። ሁለቴ ከወጣች ከወረደች፣ ወደ ጎማ ሻጩ ሳይሆን ወደ መካኒካችሁ ሂዱ።