ፕሪንተር ስንገዛ ዋጋውን ወይስ ቀለሙን?

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚረከብበት ጊዜ ሲቃረብ፣ ከቂሊንጦ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባሉት ኮፒ ቤቶች በር ላይ ሰልፉ ይረዝማል። ይህንን የተመለከቱ አንዳንድ ጓደኞቻችን ለአምስት ለስድስት ሆነው ገንዘብ በማዋጣት የቤት ፕሪንተር ለመግዛት ሲመካከሩ ይሰማል። አሳቡ የሚደገፍ ነው። ነገር ግን መርካቶ ወርዶ ርካሹን አንሥቶ በመምጣት ነገሩ ያለቀ የሚመስለው ካለ፣ ቆም ብሎ እንዲያስብበት እለምነዋለሁ።

ርካሽ ኢንክጄት የሚሸጥበት ዘዴ የምላጭ ነጋዴ ዘዴ ነው፤ መላጫው በቅናሽ ይሰጣል፣ ትርፉ ከምላጩ ይለቀማል። ለምሳሌ ኤችፒ ዴስክጄት 2130 የሚጎርሰው 123 የተባለ ጥቁር ካርትሪጅ፣ ኩባንያው ራሱ እንደሚለው የሚያትመው 120 ገጽ ያህል ነው። እንግዲህ እናስላ። ጽሑፉ 80 ገጽ ቢሆን፣ አማካሪውም ሁለት ጊዜ ቢመልሰው፣ ሦስቴ መታተሙ ነውና 240 ገጽ ይመጣል። ይህም ለአንድ ተማሪ ሁለት ካርትሪጅ ማለት ነው። ደግሞም 120 የተባለው በስሱ በተጻፈ ገጽ ተለክቶ ስለሆነ፣ ሥዕልና ግራፍ የሚያበዛው የኢንጂነሪንግ ተማሪ እዚያም አይደርስ።

ባለ ታንኩ ፕሪንተር ከዚህ የተለየ ነው። ታሪኩም ደስ ይላል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሰዎች የካርትሪጅ ዋጋ ቢያንገሸግሻቸው ከፕሪንተራቸው ጎን ጠርሙስ አቁመው በቀጭን ቱቦ ቀለም ያስገቡለት ጀመር። ኤፕሰንም ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ባለ ታንኩን እዚያው ለገበያ አቀረበ፤ ካኖንና ኤችፒ ተከተሉት። ዛሬ ኤል3250 የሚጠቀምበት 103 የተባለው ጥቁር ጠርሙስ፣ በኩባንያው ቆጠራ 4,500 ገጽ ያትማል። በላይኛው ሒሳብ 18 ተማሪ ያስመርቃል ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ሲገዙት ዋጋው ከርካሹ ብዙ ይበልጣል። ሆኖም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ሁላችንም እናውቃለን። ከውጭ የሚመጣ ነገር ደጋግሞ መግዛት እንደ ቀድሞው አይቻልም። አንዴ ከብዶ ኋላ የሚቀለው ይሻለናል ባይ ነኝ።

«ሌዘር አይሻልም ወይ?» የሚሉ አሉ። ጽሑፍ ብቻ፣ ያውም አልፎ አልፎ ለሚያትም ሰው በእውነት ይሻላል፤ ቀለሙ ዱቄት ስለሆነ አይደርቅም። ነገር ግን በሥራ ላይ ብዙ መቶ ዋት ይስባል፤ ባለ ታንኩ ከ20 ዋት አያልፍም። በቀለማት ለማተምም ሌዘሩ ውድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቴ ልምጣ። የኢንክጄት ጠላቱ ሥራ መፍታት ነው። ቀለሙ በውኃ የተበጠበጠ ስለሆነና የሚረጨውም ከፀጉር በቀጠኑ ቀዳዳዎች ስለሆነ፣ ሳይሠራበት ከቆየ ደርቆ ይደፍናል። እኛ ደግሞ ክረምት ሲገባ በራችንን ዘግተን እስከ መስከረም ወደየአገራችን የምንበተን ሕዝብ ነን። የአቃቂ ቃሊቲን የከባድ መኪናና የፋብሪካ አቧራ ጨምሩበት። መብራት ድንገት ሲጠፋም መርጫው ወደ ክዳኑ ሳይመለስ ክፍቱን ያድራል። ከሶኬቱ ነቅሎ ማጥፋትም ያው ነው፤ ምንጊዜም በራሱ ቁልፍ ይጥፋ። የተደፈነውን ለመክፈት «ማጽጃ» የተባለውን ትእዛዝ ደጋግሞ መጫንም ቀለሙን ውስጥ ወዳለው ስፖንጅ መድፋት ነው። ስፖንጁ ሲሞላ ማሽኑ አልሠራም ይላል። ስለዚህ ሻጩን አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው «ይህን ስፖንጅ የሚለውጥልኝ እዚህ ከተማ ማን አለ?» ተብሎ ነው። መልስ የሌለው ሻጭ ይለፈን።

የቀለሙም ዓይነት ይለያያል። የኤፕሰን 103 ጠብታ ውኃ ሲነካው ይፈስሳል፤ የካኖን ጂ2010 ጥቁሩ ግን ደቂቅ ቅንጣት ያለው ስለሆነ የተሻለ ይቋቋማል። ሐምሌ ላይ ጽሑፉን በጃኬቱ ሸሽጎ የሚሮጥ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። (በግዕዝ ፊደል የምንጽፍ ደግሞ አስቀድመን ፒዲኤፍ እናድርገው፤ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ግማሹ ጽሑፍ ባዶ ሣጥን ሆኖ ይወጣል፤ ጥፋቱም በፕሪንተሩ ይሳበባል።)

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የነበሩት ተማሪዎች ስቴንስል መትተው በማባዣ መኪና ሲያባዙ፣ መኪናው የአንድ ሰው ንብረት አልነበረም። እኛም ለስድስት ለስድስት ከመከፋፈል፣ ማኅበራችን ለየሕንጻው አንድ ባለ ታንክ ገዝቶ የቀለምና የወረቀት ወጪውን ብቻ ቢያስከፍል፣ የቤቱ ገንዘብ አጥሮት ጽሑፉን የሚያዘገየው ጓደኛችን እኩል ይደርሳል። ኮፒ ቤቶቹ ይቀየሙን ይሆናል፤ ቢሆንም ጥራዙን አሁንም እነርሱ ዘንድ ነው የምናስጠርዘው። ቁልፍ ያዡና ሒሳብ ጸሐፊው በሚቀጥለው ስብሰባ ሊመረጡ ይችላሉ። በክረምት ግቢ የሚቀረውና በሳምንት አንድ ባለ ቀለም ገጽ የሚያትመው ሰው ግን ከግዢው በፊት ስሙ ይታወቅ።