ታምቡሩን ተዉት

ከአሮጌ ቮልስ ላይ የኋላውን የታምቡር ፍሬን አውልቆ ዲስክ መግጠም፣ በእኔ እምነት፣ ጌጥ እንጂ ማሻሻያ አይደለም። ጌጥ መሆኑ ብቻውን አይከፋም፤ መኪናውም ገንዘቡም የባለቤቱ ነው። መንገዱ ግን የሁላችንም ነው። ፍሬን እንደ ቀለምና እንደ ወንበር ልብስ የግል ምርጫ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ነገሩ የሚነሳው ከአንድ ቀላል እምነት ነው፦ ዲስክ አዲስ ነው፣ ታምቡር አሮጌ ነው፣ ስለዚህ ዲስክ ይሻላል። ስለ ፊት ጎማ ከሆነ የምታወሩት አልከራከርም። ሚኒባስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት እንደሚደፋው የመኪናው ክብደትም ወደ ፊት ይደፋል። የኋላው ጎማ ይቀለዋል፣ የፊቱ ይከብደዋል። ዲስክ አየር ላይ የተጋለጠ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ ይጥላል፤ የክረምት ጎርፍ ውስጥ ቢገባም ቶሎ ይደርቃል። ቮልስዋገን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው ባለ 1500 ቢትል ላይ ዲስክ የገጠመው ከፊት ነበር። የኋላውን ታምቡር አልነካውም።

«ቮልስ እኮ ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ክብደቱ ያለው እዚያ ነው» የሚል መልስ እሰማለሁ። እውነት ነው፤ የቮልስ የኋላ ጎማ ሞተሩ ከፊት ካለ መኪና የኋላ ጎማ የበለጠ ያግዛል። ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ ያለው ታምቡር ጎማውን ጨርሶ ማቆም ያቅተዋል ወይ? አያቅተውም። በደንብ የተስተካከለ ታምቡር የኋላውን ጎማ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። መኪናን በመጨረሻ የሚያቆመው ጎማው አስፋልቱን የያዘበት ጉልበት ነው። ጎማው ከተንሸራተተ በኋላ ምን ዓይነት ብረት እንደያዘው ለአስፋልቱ ግድ አይሰጠውም።

የፊት ጎማ ቀድሞ ቢቆም መኪናው ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል፤ ያስደነግጣል፣ ግን አፍንጫው ወደ ፊት ነው። የኋላው ቀድሞ ከቆመ ግን ጅራቱ ፊቱን ሊቀድም ይመጣል፤ መኪናው ይዞራል። መሐንዲሶች የፊቱና የኋላው ፍሬን ተመዛዝኖ፣ የፊቱ ቀድሞ እንዲይዝ የሚደክሙት ለዚህ ነው። ከኋላ በከበደ መኪና ደግሞ ጅራቱ አንዴ ካመለጠ መመለሻው ከባድ ነው። እናንተ ያንን ሚዛን ሳትለኩ፣ ሳትፈትኑ፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ትቀይሩታላችሁ።

ሌላም አለ። ታምቡር ሲዞር አንደኛውን ሸራ ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ሸራው በራሱ እየተጫነ ይሄዳል። ቮልስ ያለ ማገዣ፣ በእግር ጉልበት ብቻ የሚቆመው በዚህ ዘዴ ነው። ዲስክ ይህ ጸጋ የለውም፤ የበለጠ ግፊት ይፈልጋል። ካሊፐሩ የሚፈልገው የዘይት መጠንም ሌላ ነው፤ አሮጌው ማስተር ሲሊንደር ሳይቀየር ቢቀር ፔዳሉ ወደ ታች ይወርዳል። በብዙ የድሮ መኪኖች ላይ ደግሞ ለታምቡር ተብሎ በመስመሩ ውስጥ ትንሽ ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለ። እሱን ረስቶ ዲስክ የገጠመ ሰው ፍሬኑ እየታሸ፣ እየጋለ ይነዳል።

የእጅ ፍሬኑስ? በታምቡር ውስጥ ገመዱ ሸራዎቹን ይገፋል፣ አለቀ። ወደ ዲስክ ስትሻገሩ የእጅ ፍሬን ያለው ካሊፐር መፈለግ አለባችሁ፤ ከአሮጌው ገመድ ጋር መስማማትም አለበት። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ላይ መኪናውን በማርሽና በድንጋይ ማቆም የሚፈልግ ሰው ካለ መብቱ ነው። ከኋላው የቆምኩት እኔ ግን አልተጠየቅኩም።

ታምቡር ያለፈበት ነገር ነው ለሚል ደግሞ አንድ ምሳሌ። የአዲስ አበባ ሰው ዛሬ በኩራት የሚነዳው የቮልስዋገን አይዲ 4 የኤሌክትሪክ መኪና ከኋላ ያለው ፍሬን ታምቡር ነው። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ አብዛኛውን የማቆም ሥራ ሞተሩ ራሱ ስለሚሠራው የኋላ ዲስክ ሥራ ፈትቶ ይዝጋል፤ ታምቡር ግን ዝግ ስለሆነ ከዝናብና ከጭቃ ይድናል። የአይዲ 4 ጉዳይ ከቮልስ ጋር አንድ አይደለም። ግን ፋብሪካው ለአዲሱ መኪናው የመረጠውን ነገር ከአሮጌው መኪናው ላይ «ዘመን አልፎበታል» ብሎ መንቀል ያስቃል።

ታምቡር ድካም የለበትም አልልም። በረጅም ቁልቁለት ይግላል፤ ሲግል ይሰፋል፤ ከሸራውም ይርቃል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወረድ ይህ ቀልድ አይደለም። የዚህ መድኃኒት ግን የድሮ ሾፌሮች የሚሉት ነው፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ዘይቱ ከፈላ ዲስክም ቢሆን አያድንም። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይችላል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ መለኪያው ወደ 155 ይወርዳል። ስንቱ ቮልስ ነው ዘይቱ ለዓመታት ሳይቀየር የሚሄደው?

እንግዲህ እውነቱን እንናገር። የኋላ ዲስክ የሚወደደው በቸርኬው ቀዳዳ በኩል ስለሚታይ ነው። አዲስ የፍሬን ጎማ ቱቦ አይታይም። የተቀየረ ጎሚኒ አይታይም። ቶርኖ ቤት ሄዶ የተስተካከለ ታምቡር ፎቶ አይነሳም። በታምቡሩ ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብቶ፣ ጥርሱን እየቆጠረ፣ አራቱንም ጎማ እኩል የሚያስተካክለውን መካኒክ ማንም አያጨበጭብለትም። «ታምቡር አይረባም» ከሚሉኝ የብዙዎቹ ታምቡር ግን በቅጡ ተስተካክሎ አያውቅም።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ቱቦዎቹን ቀይሩ። የሚያፈሰውን ሲሊንደር ቀይሩ። ዘይቱን አውጥታችሁ አዲስ ሙሉ። ሸራውን አስተካክሉ። ያረጀውን ጎማ ጣሉ። አሁንም ካልበቃችሁ ፊቱን ዲስክ አድርጉት፤ ያኔም ማስተር ሲሊንደሩን አብራችሁ አስቡ። ይህን ሁሉ ጨርሳችሁ ገንዘብ ከተረፋችሁ፣ ያን ጊዜ ስለ ኋላው እንነጋገራለን።